«ቆይ ዶክተር» ያለችን ነርስ አትቅጡብን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ከድሬዳዋ ይድረሳችሁ። በቅርቡ አንድ አንባቢያችሁ እናታቸውን ሆስፒታል ሲያስታምሙ ያዩትን ጽፈው ነበር። ለእናታቸው የሌላ ሰው መድኃኒት ሊሰጥ ሲል እንዴት እንደደረሱበት፣ ሌሊት ነርስ ፈልገው እንዴት እንዳጡ ይናገራሉ። አንዱንም ቃላቸውን አልጠረጥርም። መደምደሚያቸው ግን ከነከነኝ። የነርሶች አመለካከት እስካልተለወጠ ድረስ ታካሚ ደህና አይሆንም ነው ያሉት።

ይህን በየስብሰባው እንሰማለን። በየኮሪደሩ ተለጥፎም እናነባለን። እኔ እዚሁ ድሬ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዎርድ ኃላፊ ነርስ ነኝ። በዚህ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። እንደ እኔ እይታ ታካሚው እንዲጎዳ የምትፈልግ ነርስ የለችም ማለት ይቻላል። አደጋውንም ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታየው እሷ ናት፤ ሃያ አራት ሰዓት አልጋው አጠገብ ያለው ነርስ ነውና። የጎደላት ያየችውን ለማስቆም ሥልጣንና የሚሰማት ሰው ነው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ እንዳይመስል ትንሽ ቁጥር ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሀብታም በሚባሉት አገሮች እንኳ ሆስፒታል ከሚገቡ 10 ታካሚዎች አንዱ በሚሰጠው ሕክምና ውስጥ ጉዳት ይደርስበታል። በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ በየዓመቱ በሆስፒታሎች 134 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያለ ጉዳት ይደርሳል። 2.6 ሚሊዮን ሰው ይሞትበታል። ከጉዳቱ ብዙው ጥንቃቄ ቢኖር የሚቀር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሴፕቴምበር 17፣ በእኛ መስከረም 7 ገደማ፣ የታካሚዎች ደህንነት ቀን ተብሎ የሚከበረውም ለዚህ ነው። እኛም ጋ ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል። በማግስቱ ዎርዱ እንደ ነበረው ነው።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ።

ተረኛዋ ከተመረቀች ብዙም ያልቆየች ልጅ ነበረች። ተቅማጥና ትውከት አድቅቋቸው የገቡ አንድ አባት ተኝተዋል። የላብራቶሪ ውጤታቸው ፖታሲየማቸው በጣም መውረዱን ያሳያል። ሐኪሙ ቻርቱ ላይ «ኬ ሲ ኤል ሁለት አምፑል አይቪ» ብሎ ጽፎ ወጣ። ፖታሲየም ክሎራይድ በደም ሥር ስጡ ማለቱ ነው። በምን ይበረዝ፣ በስንት ሰዓት ይግባ የሚል የለበትም።

ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። ፖታሲየም ክሎራይድ ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው። በብዙ ፈሳሽ (ሳላይን በምንለው የጨው ውሃ) ተበርዞ፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ነው ታዲያ። ሳይበረዝ በመርፌ በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ከተገፋ ልብን ያቆማል። ለማዳን ጊዜ አይሰጥም። አምፑሉን ብታዩት ደግሞ የዱቄት መድኃኒት የምንበጠብጥበትን ውሃ ይመስላል። መጠናቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ጠራ ያሉ ናቸው፣ ጽሑፋቸው ደቃቅ ነው። እኛ ጋ በዚያን ጊዜ ሁለቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለታካሚዎች ደህንነት ካወጣቸው ዘጠኝ መፍትሔዎች አንዱ የእንዲህ ያለውን ያልተበረዘ ብርቱ ፈሳሽ አያያዝ የሚመለከት ነው።

ልጅቷ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ደረሰችበት።

«ዶክተር፣ ይሄ በስንት ሳላይን ይበረዝ?»

«ሲስተር፣ የታዘዘውን ስጪ። ድንገተኛ ክፍል እየጠበቁኝ ነው።»

«ቆይ ዶክተር፣ እንዲህ እንደተጻፈ አልሰጥም። ሲኒየር ሐኪም ይደወልለት።»

እሱም ክፉ ሰው አይደለም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጎኑ አልጋ አልነካም። ዓይኑ ቀልቷል። በታካሚዎችና በአስታማሚዎች ፊት በመናገሯ ግን ተቆጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገራት። ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ቤቴ ደወለችልኝ። «እንዳትሰጪ፣ ሲኒየሩን እኔ እደውልለታለሁ» አልኳት። ሲኒየሩ ከእንቅልፉ ተነስቶ መልሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፤ በአንድ ሊትር ሳላይን በርዛችሁ በሰዓታት ውስጥ ስጡ፣ ልጅቷ ልክ ናት አለ። እኚያ አባት ከቀናት በኋላ በእግራቸው ወጥተው ባጃጅ ተሳፍረው ቤታቸው ገቡ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። በማግስቱ ልጅቷ ቢሮ ተጠራች። ሐኪምን በሰው ፊት ተከራክረሻል ተባለች። ሁለተኛ እንዳይደገም ተብሎ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ትዕዛዙ ለምን ጎደሎ ሆኖ ተጻፈ ብሎ የጠየቀ የለም። ሁለቱ አምፑሎች ለምን አንድ መሳቢያ ውስጥ ሆኑ ያለም የለም። ሐኪሙ ለምን ሳይተኛ ሁለተኛ ቀን ይሠራል የሚለውን ማንም አላነሳም። የሆነው ነገር የትም አልተጻፈም። በሰው ሁሉ አእምሮ የቀረው ነገር ቢኖር የልጅቷ ጥፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷን እያየኋት ነው። ሥራዋን ትሠራለች፣ አታረፍድም፣ ታካሚዎቿ ይወዷታል። ያልገባት ትዕዛዝ ሲገጥማት ግን እኔ እስክመጣ ትጠብቅና በጆሮዬ ትነግረኛለች። እኔ በሌለሁበት ሌሊትስ? ሌሎቹም ነገሩን አይተዋል። ለአንዲት ልጅ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ለዎርዱ ነርስ ሁሉ ትምህርት ሆኗል። የተማሩትም ዝም ማለት ዋጋ እንደማያስከፍል ነው። ይህን የአመለካከት ችግር የሚሉት ካሉ አመለካከቱን ማን እንደፈጠረው ይጠይቁልኝ።

አምፑሎቹን በተመለከተ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም በእጄ ላይ የነበረው ሥልጣን ያ ብቻ ነበር። ፖታሲየሙን ከመሳቢያው አውጥቼ ለብቻው ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በላዩ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። አንድ ነርስ ስታወጣ ሌላዋ አይታ አብራ ትፈርማለች። ከሳጥኑ ዋጋ በስተቀር ምንም ወጪ የለውም። የማንንም ፊርማ ሳልጠብቅ ያደረግሁት የዎርዱ ቁም ሣጥን በእኔ ኃላፊነት ሥር ስለሆነ ነው። እያንዳንዷ ነርስ በሥራዋ ልክ እንዲህ ያለ ሥልጣን ቢኖራት ስንት ነገር ይስተካከል ነበር።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። ድሬ ውስጥ አህመድ መሐመድ የሚባል ሰው ስንት እንደሆነ የድሬ ልጅ ያውቀዋል። ፋጡማም እንደዚሁ። በአንድ ዎርድ በራሱም በአባቱም ስም አንድ የሆነ ሰው ተኝቶ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሰው በአልጋ ቁጥር ይጠራል። «የ7 ቁጥሩ መርፌ ደርሷል» እንባባላለን። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን የአልጋ ቁጥር አይታመንም። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ሌሊት አስታማሚ አልጋውን ጎትቶ ማራገቢያው (ቬንትሌተሩ) ሥር ያስጠጋዋል። ወይ ሁለት ታካሚ ተስማምተው ይቀያየሩና አንዱ መስኮት አጠገብ ይተኛል። ቻርቱ የድሮው አልጋ እግር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጠዋት የገባችው ነርስ ቻርቱን አይታ መርፌዋን ይዛ ትመጣለች። ደም የሚሰጠው ሰው ቢሆን ደግሞ አስቡት።

ስም አጠያየቁም ዘዴ አለው። ከገጠር የመጡ አማርኛ የማይሰሙ እናትን «ፋጡማ ነዎት?» ብትሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሐኪም ቤት የሚባሉትን ሁሉ በእሺታ ነው የሚቀበሉት። ስማቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረግ ነው የሚሻለው፤ በሶማልኛም በኦሮምኛም። እኔ ዎርድ ያለች አንዲት የገንደቆሬ ሰፈር ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ሦስቱንም ቋንቋ አቀላጥፋ ትናገራለች። ይህችው ልጅ ማንም ሳያዛት ነጭ ፕላስተር እየቆረጠች የታካሚውን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱንና የካርድ ቁጥሩን እየጻፈች አንጓው ላይ ትለጥፍ ጀመር። ማርከሩን በገንዘቧ ነው የገዛችው። ላብ ስለሚያስለቅቀው በየጠዋቱ ደግማ ትለጥፋለች። ለእጅ አንጓ የተሠራው መለያ ይገዛልን ብላ በጽሑፍ ጠየቀች። መልስ አልመጣም። ቆይቶ ከበላይ የመጡ ገምጋሚዎች ፕላስተሩን አይተው በጣም አመሰገኑ። ምስጋናው ለሆስፒታሉ ተጻፈ። የልጅቷ ስም የትም የለም። መለያውም እስካሁን አልተገዛም። አቦ፣ እንዲህ ያለችን ልጅ ስለ አመለካከት ሥልጠና ቁጭ ብላ ስትሰማ ማየት ያሳዝናል!

ስለ ዕቃ ቤት ቁልፍም ልጻፍ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሲስት በአፉ ምንም አይሰጥም። 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥሩ ይሰጠዋል፤ ዓይናችሁ እያየ ይነቃል። ከዘገየ አንጎሉ ይጎዳል። ዎርዱ ውስጥ ለድንገተኛ የምናስቀምጠው አለ። ቅዳሜና እሑድ ሲያልቅ ግን ትልቁ ዕቃ ቤት ዝግ ነው፣ ቁልፉም ከባለቤቱ ጋር ቤቱ ሄዷል። ነርሷ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሮጣለች፣ ከዚያ ካጣች ወደ ማዋለጃ። ከየክፍሉ አንድ አንድ ትበደራለች። እሷ ስትሮጥ ዎርዱ ውስጥ አንዲት ነርስ ብቻ ትቀራለች። ለተረኛ ነርስ ኃላፊ በፊርማ አንድ ቁልፍ ቢሰጥስ ስንል «ዕቃ ይጠፋል» እንባላለን። የሰው ነፍስ አምነው ሰጥተውን ካርቶን ግሉኮስ አያምኑንም።

የመብራቱንም ጣጣ ታውቁታላችሁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት። በድሬ ሐሩር ፍሪጅ ለረጅም ሰዓት ከጠፋ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። ነርሷ ቴርሞሜትሩን አይታ ትመዘግባለች፤ ቅጹ ላይ የተጻፈላት ሥራ እስከዚያ ነው። ጄኔሬተር እንዲነሳ የማዘዝ መብት የላትም። የምትደውልለት ሰው ስልኩን ካላነሳ ሥራዋ ሙቀቱ ሲወጣ እያዩ መመዝገብ ነው።

የእጅ መታጠብንም ላንሳ፣ በዚህ በጣም ስለምንወቀስ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ እናቶች ያውቁታል። ቧንቧም ላይ እንደዚያው ነው። ኖራው ይጋገርበትና ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ከዎርዳችን ሁለት ቧንቧ አንዱ ለረጅም ጊዜ ጠብ አይልም ነበር። የሚገመግመው ሰው መጥቶ ነርሶች በታካሚና በታካሚ መካከል እጃቸውን ስንት ጊዜ እንደሚታጠቡ ቆጥሮ ዝቅተኛ ነው ብሎ ጻፈ። ቧንቧውን አልቆጠረውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአልኮል፣ ከግሊሰሪንና ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚቀመም የእጅ ማጽጃ አሠራር ይፋ አድርጓል። የሆስፒታል ፋርማሲ ሊያዘጋጀው ይችላል። የእኛዎቹ ፋርማሲስቶች ይህን ሠርተው በየአልጋው መካከል ማስቀመጥ ሲጀምሩ የእጅ ጽዳቱ ተሻሻለ። የማናችንም አመለካከት በአንድ ሳምንት አልተለወጠም። የምንታጠብበት ነገር እጃችን አጠገብ መጣ።

ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ሮዛቤት ሞስ ካንተር የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ሥራ ሰው በሥራ ቦታው የሚያሳየው ጠባይ ከተፈጥሮው ይልቅ ከተቀመጠበት ቦታ ሁኔታ እንደሚመጣ ጽፈዋል። መረጃ ያገኛል ወይ? የሚደግፈው አለው ወይ? የሚሠራበት ዕቃ በእጁ ነው ወይ? ተምሮ የማደግ ዕድል አለው ወይ? እነዚህ ካሉት ይተጋል፤ ከሌሉት ቀስ በቀስ ግዴለሽ ይሆናል። ካናዳዊቷ የነርሲንግ ፕሮፌሰር ሄዘር ላሽንገር ደግሞ ይህንኑ ወደ ሆስፒታል አምጥተው ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል። እነዚህ ነገሮች የተሟሉላቸው ነርሶች የሥራ ቦታቸው ለታካሚ ደህንነት የተሻለ መሆኑን እንደሚናገሩ አሳይተዋል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ የገንደቆሬዋ ልጅ ናት ትዝ ያለችኝ። ዕቃውን ራሷ ገዛች። መረጃው አልደረሳትም። ድጋፉን ጠይቃ አጣች። የማደግ ዕድሏ እንኳ በስሟ አልተመዘገበም። ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ልትቀጥል ትችላለች?

የሰው ብዛትንም ሳላነሳ አላልፍም። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሥራ በአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ ግዛት ባሉ 168 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ታካሚዎች አጥንተው ነበር። አንዲት ነርስ ከምትይዘው በላይ አንድ ታካሚ በተጨመረባት ቁጥር ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ ይጨምራል። እዚያ የተወዳደረው አራት ታካሚ የያዘችና ስምንት የያዘች ነርስ ነው። እኔ ዎርድ ሌሊት ሁለት ነርስ ሠላሳ አልጋ ይዘው ያድራሉ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቺኩንጉንያ ከተማችንን ባጥለቀለቃት ጊዜማ ነርሶቹ ራሳቸው መገጣጠሚያቸው እያመማቸው፣ ግድግዳ እየተደገፉ ነበር ዱቲ የሚገቡት። ያኔ ማንም ስለ አመለካከታችን አላነሳም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታካሚዎች ደህንነት ቀን መሪ ሐሳብ የጤና ሠራተኞች ደህንነት ነበር፤ ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ እኛ ከዚያ በፊት በጉልበታችን ዐይተነዋል።

አንባቢያችሁ ትክክል የሆኑበት ነገርም አለ፤ መሸፋፈን አልፈልግም። በምጥ ላይ ያለች ሴት ላይ የሚጮሁ ነርሶች አሉ። ከገጠር የመጣን ሰው የሚያንጓጥጡ አሉ። ስልካቸው ላይ ተደፍተው «ሲስተር፣ ሲስተር» ሲባሉ ቀና የማይሉ አሉ። ይህንን በምንም አልከላከልም። እኔ ዎርድ ሲሆን አልታገስም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ለማፍራት በጤናው ዘርፍ የተጀመረው ሥራም ተገቢ ነው። ጨዋነት ብቻውን ግን ፖታሲየሙን አይበርዘውም። ታካሚዋን «እናቴ» ብላ የምትጠራ፣ ነገር ግን የተሳሳተ ትዕዛዝ ስታይ የምትፈራ ነርስም ታካሚዋን ልታጣ ትችላለች።

መናገር ሲፈቀድ ምን እንደሚሆን ደግሞ በኦፕራሲዮን ክፍል ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና 19 ነጥብ ያለው የማረጋገጫ ቅጽ አውጥቷል። በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞከረ፣ ከምሥራቅ አፍሪካዋ ታንዛኒያም አንድ ነበረበት። ከ100 ታካሚዎች 1.5 የነበረው ሞት ወደ 0.8 ወረደ። አዲስ ማሽን አልተገዛም። ቢላው ቆዳ ከመንካቱ በፊት ሁሉም ቆም ይላሉ። እያንዳንዱ ስሙንና ሥራውን ይናገራል። ታካሚው ማን ነው፣ የሚቀደደው የቱ ጋ ነው ይባባላሉ። ከመጨረሱ በፊት ነርሷ ጋዙንና መቀሱን ቆጥራ ልክ ነው አይደለም ትላለች። እሷ ልክ ነው ሳትል አይዘጋም። ነርሷ እዚያ ጋ የምትናገረው ደፋር ስለሆነች ሳይሆን ወረቀቱ ተናገሪ ስለሚላት ነው። ቅጹ እኛም አገር ያለ ነው። አንዳንድ ቦታ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ተቀምጦ በአንድ እስክሪብቶ ራይት ራይት ይደረግበታል። ያ ከሆነ ጥቅም የለውም።

የምጠይቀው ለድሬ ሆስፒታሎች ብቻ አይደለም። ከባድ ታማሚ ስንልክባቸው የምንገናኛቸው የሐረር ባልደረቦቼም ይህንኑ ነው የሚያወሩኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ በጽሑፍ የሚወጣ አንድ ደንብ ነው። ነርስ የተጠራጠረችውን ትዕዛዝ እስኪጣራ ማቆየት ትችላለች፤ በቀጥታ ሲኒየሩ ጋ መደወል ትችላለች፤ ልክ ባትሆን እንኳ በመጠየቋ አትቀጣም። የመጨረሻዋ ሐረግ ናት ዋናዋ። ልክ ስትሆን ብቻ የማትቀጣ ከሆነ እርግጠኛ እስክትሆን ዝም ትላለች፤ እርግጠኛ እስክትሆን ደግሞ መድኃኒቱ ገብቷል። ይህ ለሐኪሙም መከታ ነው። ያን ሌሊት ልጅቷ ባታስቆመው ኖሮ ያ ወጣት ሐኪም ዕድሜ ልኩን ምን ተሸክሞ ይኖር ነበር?

የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ከዲሲፕሊን ቢሮ ይለይ። ዛሬ ሪፖርት የጻፈች ነርስ መጀመሪያ የምትጠየቀው ማን አደረገው ተብሎ ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ እንጽፍ ነበር። ለጥቂት የተረፈውን፣ ማንም ያልተጎዳበትንም ጭምር። ለጻፈችውም መልስ ይሰጣት። ሰው ጽፎ ጽፎ መልስ ሲያጣ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። የሌሊቱን ቁልፍ ነገር ከላይ ብያለሁ፤ ፊርማ የሚፈታው ጉዳይ ነው።

አስታማሚዎችንም አንድ ነገር ልለምን። ነርሷ መርፌ ይዛ መጥታ ስም ደጋግማ ስትጠይቅ «ትናንትም ነግረንሻል» ብላችሁ አትቆጧት። መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ለማን ነው ብላችሁም ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው። የምትቆጣ ነርስ ካለች እኔን ጥሩኝ። ሙቀት ሲበረታ አልጋ ከመጎተታችሁ በፊት ደግሞ ንገሩን፤ ቻርቱን አብረን እናዞረዋለን።

የመጨረሻው የሞት ግምገማ ስብሰባ ነው። ታካሚ ሲሞት ሐኪሞች ተሰብስበው ምን እንደጎደለ ይመረምራሉ። ጥሩ ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ነርስ አትጠራም። ሰውየው ትንፋሹ መቼ እንደከበደ፣ ለሐኪም መቼ እንደተደወለ፣ ኦክስጅኑ መቼ እንዳለቀ የምታውቀው እሷ ሆና ሳለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቢያንስ የዚያን ዕለት ተረኛ ነርስ ትጠራ። የዚያችም ልጅ የቃል ማስጠንቀቂያ ይነሳላት፤ የተነሳበትም ምክንያት ማስጠንቀቂያው በተሰማበት ዎርድ ውስጥ በሁሉም ፊት ይነገር። እኔ ዕረፍት ላይ ብሆንም እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የዎርድ ኃላፊ ነርስ፣ ከድሬዳዋ